በውጭ አገር ጽሕፈት ቤት የሚደረግ የሥራ ጉዞና የባለሙያ ዕድገት፦ የጄኔቫው የንግድ ድርድር እንደ ምሳሌ

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በውጭ አገር ወደሚገኝ የአገሩ ጽሕፈት ቤት ለሥራ ሲላክ ሁለት ነገሮች ይጠበቁበታል። አንደኛው የተላከበትን ጉዳይ ፈጽሞ መመለስ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ በቢጋሩ ላይ በግልጽ የማይሰፍረው፣ በሙያው በስሎ መመለስና ያገኘውን ዕውቀት ለመሥሪያ ቤቱ ማስተላለፍ ነው። ይህ ጽሑፍ በሁለተኛው ላይ ያተኩራል። ጉዳዩን በተጨባጭ ለማሳየትም ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን የምታካሂደውን ድርድርና ለዚሁ ሥራ ወደ ጄኔቫ የሚጓዘውን ባለሙያ በምሳሌነት ይወስዳል።

ጉዳዩ ለምን ክብደት ይሰጠዋል?

ጄኔቫ ለኢትዮጵያ አዲስ ከተማ አይደለችም። አገራችን መቀመጫውን በዚያ ላደረገው የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነበር። የዓለም ንግድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቋቋም ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዚችው ከተማ ሆነ። ኢትዮጵያ የአባልነት ጥያቄዋን እ.ኤ.አ. በ2003 አቀረበች፤ ጥያቄዋን የሚመረምር የሥራ ቡድንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ስለ ውጭ ንግድ ሥርዓቷ የሚያብራራውን ማስታወሻ በ2007 አስገባች። የሥራ ቡድኑ የመጀመሪያ ስብሰባ በ2008፣ ሁለተኛው በ2011፣ ሦስተኛው በ2012 ተካሄደ። አራተኛው የተጠራው በ2020 ሲሆን አምስተኛው በ2025 ተደርጓል።

በሦስተኛውና በአራተኛው ስብሰባ መካከል የስምንት ዓመት ገደማ ልዩነት መኖሩን ልብ ይሏል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ባለሙያ ጡረታ ይወጣል፣ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል፣ ሥራ ይለቃል። ማመልከቻው በገባበት ዓመት ገና ፊደል ይቆጥር የነበረ ልጅ ዛሬ የድርድሩን ሰነድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ረጅም ሥራ ውስጥ የአንድ ሰው ብቃት ብቻውን በቂ አይሆንም። አንዱ ተጓዥ ያወቀው ለሚቀጥለው ካልደረሰ አገር በየስብሰባው ከመጀመሪያው ትምህርት ለመነሣት ትገደዳለች። የሥራ ጉዞ የባለሙያ ማደጊያ እንዲሆን የሚፈለገው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከጉዞ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከፋይሉ ነው። በአባልነት ድርድር አባል አገሮች ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ አመልካች አገርም መልሷን በጽሑፍ ትሰጣለች። ስለዚህ ተጓዡ ከዚህ ቀደም የተጠየቀውንና የተመለሰውን በሙሉ ማንበብ ይገባዋል። ቀድሞ የተሰጠ መልስ አገርን የሚገልጽ ቃል ነው፤ ይህን ሳያውቁ የሚቃረን ሐሳብ መናገር አመኔታን ያሳጣል።

ቀጥሎ የሥራውን ቋንቋ ማጥራት ያስፈልጋል። ለምሳሌ የታሪፍ ባለሙያ የሆነች ሠራተኛ እንውሰድ። በሥራ ላይ ያለ ቀረጥና የታሰረ የቀረጥ ጣሪያ የተለያዩ መሆናቸውን በሚገባ መረዳት አለባት። አንድ አገር ለአንድ ዕቃ 30 በመቶ ጣሪያ አስሮ ዛሬ 20 በመቶ ቢያስከፍል፣ ነገ ቀረጡን እስከ 30 በመቶ ከፍ ለማድረግ ጣሪያውን አይጥስም፤ ከዚያ በላይ ለመጨመር ግን እንደገና መደራደር ይኖርበታል። እንዲሁም በዓለም አቀፉ የሸቀጦች መለያ ሥርዓት የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ለሁሉም ተጠቃሚ አገሮች የጋራ መሆናቸውን ማወቅ ይጠበቅባታል። ካፌይኑ ያልወጣለት ያልተቆላ ቡና በ090111፣ የተቆላው ደግሞ በ090121 ይመዘገባል። ከስድስቱ ቀጥለው የሚመጡትን አኃዞች የሚወስነው እያንዳንዱ አገር ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው የሁለት አገሮችን ሠንጠረዥ ሲያነጻጽር በቀላሉ ይሳሳታል።

ሦስተኛው ዝግጅት የራስን ጥያቄ መያዝ ነው። ተጓዡ ከመሥሪያ ቤቱ ፋይል መልስ ያላገኘላቸውን ሦስት ወይም አራት ጥያቄዎች ጽፎ ከቅርብ ኃላፊው ጋር ቢስማማባቸውና ከቢጋሩ ጋር ቢያያይዛቸው፣ ጉዞው የሚመዘንበት ሚዛን ከወዲሁ ይኖረዋል።

የጉዞ ሰነዶችን በተመለከተ ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም በሸንገን የቪዛ ሥርዓት ውስጥ ትገኛለች። ቪዛ የሚያስፈልገው ተጓዥ ማመልከቻውን ከጉዞው ቀን ከስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት አይችልም፤ ቢዘገይ ደግሞ ከ15 ቀን በፊት ማስገባት አለበት። የአገሪቱ መገበያያ ዩሮ ሳይሆን የስዊዝ ፍራንክ መሆኑም የውሎ አበል ሲታሰብ መዘንጋት የለበትም።

ሰዓት፣ ቀንና በጀት ዓመት

ከአገራችን ለሚሄድ ባለሙያ ትንሽ መስሎ ብዙ የሚያስከፍለው የጊዜ አቆጣጠር ጉዳይ ነው። የጄኔቫ ሰዓት ከአዲስ አበባ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በጥር ወር በጄኔቫ ከጠዋቱ 10 ሰዓት የተጠራ ስብሰባ በአገራችን አቆጣጠር በአዲስ አበባ እኩለ ቀን፣ ማለትም 6 ሰዓት ላይ ይውላል። በስልክ «በ10 ሰዓት» ብሎ ብቻ የሚነጋገር ሰው ግን ለአዲስ አበባው ባልደረባው የከሰዓት በኋላውን 10 ሰዓት ሊያስመስልበት ይችላል። ስለሆነም በመልእክት ልውውጥ ሁሉ የየትኛው ከተማና የየትኛው አቆጣጠር ሰዓት መሆኑን መጻፍ ልማድ ሊሆን ይገባል።

በአኃዝ መረጃ ላይ ደግሞ ስሕተቱ ይከብዳል። የመንግሥታችን በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የ2016 በጀት ዓመት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 8 ቀን 2023 እስከ ሐምሌ 7 ቀን 2024 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። ይህን አኃዝ «የ2023» ወይም «የ2024» ብሎ በሠንጠረዥ ማስፈር ከሌሎች አገሮች መረጃ ጋር እንዳይገናኝ ያደርገዋል። ጠንቃቃ ባለሙያ ወርኃዊ መረጃውን ይዞ ይሄዳል፤ በሠንጠረዡ ግርጌም የአቆጣጠሩን ማብራሪያ ያኖራል።

በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ

በጄኔቫ የንግድ፣ የጤና፣ የሥራና ሠራተኛ፣ የአእምሯዊ ንብረትና የቴሌኮሙኒኬሽን ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤቶች ይገኛሉ። በዚህ ምክንያት በከተማዋ የሚሠራ አንድ ዲፕሎማት ከአንድ በላይ ድርጅቶችን ደርቦ መከታተሉ የተለመደ ነው። ዲፕሎማቱ ሰዎቹንና አሠራሩን ያውቃል፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣው ባለሙያ ደግሞ የጉዳዩን ዝርዝር ያውቃል። የሁለቱ ዕውቀት ሲገናኝ ሥራው ይቃናል፤ ሁለቱም ከዚያው ይማራሉ።

ስለዚህ ተጓዡ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ መቀመጥ አይገባውም። በመጀመሪያው ቀን ጉዳዩን የሚያጠቃልል የአንድ ገጽ ማስታወሻ ለሚመለከተው ዲፕሎማት ቢሰጥ፣ የትኛው አገር ምን ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ እንደሚያነሣና ለምን እንደሚያነሣ ቢጠይቅ፣ ብዙ ወር የሚፈጅ ትምህርት በጥቂት ቀናት ያገኛል። የዕለቱን ውሎ በዕለቱ መመዝገብም የግድ ነው። በማግሥቱ የሚጻፍ ማስታወሻ ዋና ዋናውን ብቻ ይይዛል፤ ለቀጣዩ ተጓዥ የሚጠቅመው ግን ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ነው።

በስብሰባ አዳራሽ

የድርጅቱ የሥራ ቋንቋዎች እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ናቸው። የአገራችን አዋጆች በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚታተሙ ቢሆንም የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። በእንግሊዝኛው ቅጂ ላይ ተመሥርቶ ለሚነሣ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ አማርኛውን አስቀድሞ ካላመሳከረ፣ ሕጉ ያላለውን እንደ ሕግ ሊያስረዳ ይችላል። ሁለቱንም ቅጂዎች ይዞ መግባት ይመከራል።

ተወካይ በአዳራሹ የሚናገረው በአገሩ ስም ነው፤ ቃሉም በመዝገብ ይያዛል። መልሱን እርግጠኛ ላልሆነበት ጥያቄ «አጣርተን በጽሑፍ እናቀርባለን» ማለት ድክመት አይደለም፤ የአሠራሩ አካል ነው። ድክመት የሚሆነው ይህን ቃል ሰጥቶ ወደ አገር ሲመለሱ መርሳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው የጉምሩክን፣ የግብርናን ወይም የባንክን ሥራ ስለሚነካ፣ ባለሙያው የራሱ ሙያ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሥራ ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ በግልጽ የሚያየው እዚህ ነው። በቢሮ ውስጥ ተለያይተው የሚታዩ ጉዳዮች በአዳራሹ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሆነው ይመጣሉ።

ከተመለሱ በኋላ

ከጉዞ የተገኘን ዕውቀት ለአገር በጽሑፍ ማቅረብ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ተጉዘው ሲመለሱ፣ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተሰኘ መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። ዛሬ ከሠራተኛ የሚጠበቀው መጽሐፍ ባይሆንም ኃላፊነቱ ግን አንድ ነው።

ተጓዥ ሲመለስ በቅድሚያ የወሰደውን ገንዘብ ሂሳብ ያወራርዳል። የዕውቀቱም ሂሳብ በዚሁ ጥንቃቄ ሊወራረድ ይገባዋል። ጠቃሚ የጉዞ ሪፖርት የሚከተሉትን ይይዛል፦

• የተሰጠው ተልእኮና የተገኘው ውጤት፤
• የተነሡ ጥያቄዎች፣ የተሰጡ መልሶችና በጽሑፍ ለማቅረብ ቃል የተገባባቸው ጉዳዮች ከነጊዜ ገደባቸው፤
• ከጉዞው በፊት የተያዙት ጥያቄዎች ያገኙት መልስ፤
• በድርድሩ ያጋጠሙ አዳዲስ ቃላት ከአማርኛ አቻቸው ጋር፤
• ለቀጣዩ ተጓዥ የሚሰጥ ተግባራዊ ምክር።

ሪፖርቱ ፋይል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለባልደረቦች በቃል ቢቀርብ መልካም ነው። ጠያቂ ሲኖር ተጓዡ ራሱ ያልገባውን ለይቶ ያውቃል።

የኃላፊዎች ድርሻ

የሠራተኛው ትጋት ያለ ኃላፊው ድጋፍ ፍሬ አያፈራም። የሚላከው ሰው ሥራውን በቀጥታ የሚሠራው ሊሆን ይገባል። ጉዞ እንደ ሽልማት ወይም እንደ ተራ ከታደለ የተላከው ሰው ይደሰት ይሆናል፤ ሥራው ግን ባለበት ይቆማል። ልምድ ያለውን ከጀማሪው ጋር አጣምሮ መላክ በሚቻልበት ጊዜ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅ ሥራውን ይረከባል። ከተመለሰ በኋላም ባለሙያውን በዚያው ጉዳይ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ማቆየት፣ የማያቆይ ሁኔታ ቢፈጠር ደግሞ የርክክብ ጊዜ መስጠት ከኃላፊው ይጠበቃል።

ጉዞው ባለሙያውን ማሳደጉ በምን ይታወቃል? መለኪያው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ዙር ከአባል አገር ጥያቄ ሲመጣ፣ ጄኔቫን ያላየ ባልደረባ የተጓዡን ሪፖርት ከፍቶ መልሱን ለማዘጋጀት ከቻለ ጉዞው ሁለቱንም አሳድጓል ማለት ነው።