የዲስክ እሪታና ሰሚው

በአራዳ፣ ከፒያሳ ጎን ያለው ሠፈር እሪ በከንቱ የተባለው፣ ነባር ነዋሪዎች እንደሚተርኩት፣ በቀድሞ ዘመን ቀማኛ የያዘው መንገደኛ እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ነው። የማኅበራችን መጽሔት ስለ ዲስክ ብልሽት ምርመራ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ ይህ ስም ከሐሳቤ አልወጣም። ዲስክም ሲታመም ይጮኻልና፤ ጥያቄው ጩኸቱ ማን ዘንድ ይደርሳል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1956 አይ.ቢ.ኤም. ለገበያ ያቀረበው ራማክ የተሰኘ መሣሪያ፣ የጎናቸው ስፋት 24 ኢንች የሆነ 50 ሳህኖች ተደርድረውበት፣ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። ከዚያ 6 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1950፣ የቤል ላቦራቶሪው ሪቻርድ ሃሚንግ፣ ማሽኑ ስሕተት ባገኘ ቁጥር ሥራውን እያቋረጠ ቢያስቸግረው፣ ስሕተትን ለይቶ የሚያርም ኮድ አሳትሟል። መሠረተ ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ዲስኩ ከያንዳንዱ ሴክተር ጋር የማመሳከሪያ ቁጥሮች ይጽፋል፤ ሲያነብ ካልተስማሙለት ያርማል፣ ካልሆነለት ደጋግሞ ይሞክራል፣ በመጨረሻም ማንበብ አልቻልሁም ይላል። በዚያ ዘመን ባለ ዲስኩ፣ ተጠቃሚውና ጠጋኙ በአንድ ጣራ ሥር ስለነበሩ ይህን ቃል ሁሉም ይሰሙት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በሌላ በኩል ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ፣ በካምብሪጅ ማሳቹሴትስ፣ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲሶች ሲ.ፒ.-67 የተባለ ሥርዓት ሠርተው፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ማሽን ሲጠቀሙ ለያንዳንዱ የብቻው መስሎ እንዲታየው አደረጉ። ትልቁንም ዲስክ ቆራርሰው ሚኒዲስክ እያሉ አደሉት። ዛሬ የምንከራየው ቨርቹዋል ሰርቨር የዚያ ዝርያ ነው፤ በ2003 ከእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዜን፣ በ2007 ከሊኑክስ ከርነል ጋር የተዋሐደው ኬ.ቪ.ኤም. አስፋፉት። አንድ ቤት በጨርቅ ተከፍሎ ለደባሎች እንደሚከራይ ማለት ነው።

በ1995 ኮምፓክ ከዲስክ አምራቾች ጋር ሆኖ ያቀረበው ስማርት የተባለ ዘዴ ደግሞ ዲስኩ የገዛ ሕመሙን እንዲመዘግብ አስቻለ። ይሁን እንጂ መዝገቡን የሚያነበው ብረቱ በእጁ ያለ አከራይ ነው። ተከራዩ ከሰርቨሩ ውስጥ ሆኖ ቢጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። አከራዩም ቢሆን ሁሉን አይሰማም፤ ጉግል በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን መርምሮ ባወጣው ጥናት፣ ከወደቁት ውስጥ ከ56 በመቶ የሚበልጡት ከ4ቱ ዋና ዋና የስማርት ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ከሥፍራው ከተነሡት መካከል አንድ አነስተኛ የንግድ ቤት አውቃለሁ። ወረቀቱ በጓዝ ማመላለስ ተበታትኖ፣ የደንበኞቹና የዕዳው መዝገብ የቀረው በአውሮፓ በተከራየው ሰርቨር ላይ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሰርቨሩ ያነባል እንጂ አልጽፍም አለ።

እንዲህ ባለ ጊዜ 3 ሕመሞች ይመሳሰላሉ። ዲስኩ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ወደ ዲስኩ የሚወስደው መንገድ በጎረቤት ደባሎች ተጨናንቆም ይሆናል፤ ያን ጊዜ በከርነሉ መዝገብ 120 ሴኮንድ ስለጠበቀ ሥራ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ የሴክተሩም ቁጥር በየጊዜው ይለያያል። ያው የሴክተር ቁጥር ደጋግሞ ከተመለሰ ግን ከሥር ያለው ብረት መጎዳቱን መጠርጠር ይገባል። በንግድ ቤቱ ሰርቨር ላይ ያየነው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ብዙ ባልደረቦቻችን እዚህ ላይ ወደ ፋይል ሥርዓት ጥገና ፈጥነው ይሮጣሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ኤፍ.ኤስ.ሲ.ኬ. የሚመረምረው የፋይሎቹን መዝገብ እንጂ ዲስኩን አይደለም፤ መሬቱ እየከዳ ሳለ ቢጠግን ያልገባውን እየቆረጠ ይጥላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሊነበብ የሚችለውን ሁሉ ወደ ሌላ ሥፍራ መቅዳት፣ ጥገናውንም በቅጂው ላይ መሞከር ይገባል። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ 512 ባይት የሚይዝ ሴክተር ሲጠፋ 170 ያህል ፊደላት ይሄዳሉ፤ ይህም የበርካታ ባለ ዕዳዎች ስም ነው።

ለአከራዩ ሲጻፍም ሰዓቱን አጥርቶ ማመልከት ያሻል። የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 6:00 ነውና፣ ሳይቀየር ከተላከ አከራዩ የሌላ ሰዓት መዝገብ ተመልክቶ ምንም የለም ብሎ ይመልሳል።

አከራዩ ሰርቨሩን ወደ ሌላ ማሽን አዛወረው፤ ስለ ታመመው ዲስክ ግን ምንም አልነገረንም። ከመዝገቡ ሳይነበቡ የቀሩትን ጥቂት መስመሮች የንግድ ቤቱ ባለቤት ደንበኞቻቸውን በስልክ እየጠየቁ ሞሏቸው።