ስለ ኮተቤ ተማሪ ቤት

የሀገር ታሪክ በነገሥታት ዙፋንና በጦር ሜዳ ብቻ የሚጻፍ አይደለም፤ በተማሪ ቤት ሰሌዳም ይጻፋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፥ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፥ በኮተቤ ተተክሎ ስለ ነበረው ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ጥቂት ቃል መጻፍ ይገባል።

ይህ ተማሪ ቤት የተከፈተው በ1935 ዓ.ም. ነው። አንባቢ ሆይ፥ ዘመኑን አስተውል። ጠላት በአዲስ አበባ በቆየባቸው 5 ዓመታት የሀገራችን የትምህርት ሥራ ፈርሶ ነበር፤ ይልቁንም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በተፈጸመው ግፍ የተማሩት ወጣቶች እየተፈለጉ ተገደሉ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ መንግሥት ለየጽሕፈት ቤቱ የተማረ ሰው ቢፈልግ፥ ከነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ በመቃብር ነበሩ። እንግዲህ ኮተቤ የተተከለው ዕውቀትን ለመጨመር ብቻ ሳይሆን፥ የተቈረጠውን ትውልድ ለመተካት ጭምር ነው።

ቦታው ከከተማ ሁካታ ወጣ ያለ ነበር፤ ተማሪዎቹም በዚያው እያደሩ ይማሩ ነበር። የቅኔ ቤትን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቆሎ ተማሪም ከዘመድ ርቆ፥ በመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ያድራልና። ልዩነቱ የእኛው ተማሪ አኮፋዳ አንግቦ ቁራሽ ሲለምን የኮተቤው በመንግሥት ማዕድ መቀመጡ፥ የእኛው በግእዝ ሲቀኝ የኮተቤው በእንግሊዝኛ መማሩ ነው። ከመምህራኑም ብዙዎቹ ከውጭ ሀገር የመጡ ነበሩ፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተማሪ ቤቱ አለቃ የነበረው ሮበርት ቶምሰን የካናዳ ሰው ነው።

ይህን መሰሉ ትምህርት ካህናትን ማሳሰቡ አዲስ ነገር አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ዘመናዊ ተማሪ ቤት ሲከፈት ስለ ሃይማኖት ሥጋት ስለ ተነሣ፥ መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች ወገን እንዲመጡ ተደርጓል። ሥጋቱ ከንቱ ነበር አልልም፤ በባዕድ ቋንቋ ብቻ የተኰተኰተ ልጅ የአባቱን ማዕድ ሊንቅ ይችላልና። ነገር ግን አንድ ምስክር አለ። የሊቁ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መንግሥቱ ለማ በኮተቤ ተምሮ ወደ እንግሊዝ ሀገር ተሻገረ፤ ተመልሶም በአማርኛ ግጥምና ተውኔት የታወቀ ደራሲ ሆነ። ከዚህም በላይ የአባቱን የሕይወት ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብሎ «መጽሐፈ ትዝታ»ን በ1959 ዓ.ም. አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ የጥንቱ ጉባኤ ቤት ኑሮ ለትውልድ ተጠብቆ ይገኛል።

ይህ ነገር እኔንና ባልንጀሮቼን ሊያሳፍረን ይገባል። ስንት መምህራን በቃላቸው የያዙትን ይዘው ወደ መቃብር ወረዱ! ከእግራቸው ሥር የተቀመጥነው እኛ አልጻፍንላቸውም፤ የአለቃ ለማን ትዝታ ግን ባዕድ ቋንቋ ይማር የነበረው ልጃቸው ጻፈው። እንግዲህ ልጅን ከአባቱ የሚለየው የሚማርበት ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ አባት መናገሩን፥ ልጅም መጠየቁን ሲተዉ ነው።

ያ ተማሪ ቤት ዛሬ በቀድሞ ስሙና ሥራው የለም፤ ስፍራው ግን መምህራን የሚሠለጥኑበት ሆኖ ኖሮ፥ አሁን ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይባላል። የሞቱትን ለመተካት የተተከለው ቤት የመምህራን ቤት መሆኑ መልካም ፍጻሜ ነው። እኛም ሊቃውንቱ ሳያልፉ እንጠይቅ፥ እንጻፍም፤ አምላከ አበው የአባቶችን ልብ ወደ ልጆች፥ የልጆችንም ልብ ወደ አባቶች ይመልስልን።