የኃይል ሕክምና

የኃይል ሕክምና በሚዋጥ መድኃኒት ወይም በቢላ ሳይሆን በሙቀት፣ በብርሃን፣ በድምፅ፣ በኤሌክትሪክና በጨረር፣ ወይም በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል ተብሎ በሚታመን ረቂቅ ኃይል ሕመምን ለማዳንና ለማስታገስ የሚደረግ ሕክምና ነው። ቃሉ ‹‹ኢነርጂ ሜዲሲን›› ለሚለው የውጭ ስያሜ የቀረበ አቻ ነው። በትምህርት ቤት ሳይንስ ኢነርጂ ‹‹ጉልበት›› ሲባል ኖሯል፤ ‹‹የጉልበት ሕክምና›› ቢባል ግን ሰሚው የሚያስበው የእግር ጉልበት ታማሚን ነው። ስለዚህ ‹‹ኃይል›› ይሻላል። ሆኖም ቃሉ መብራትንም መንፈሳዊ ሥልጣንንም ስለሚያቅፍ ሁለት ንዑስ ስሞች ያስፈልጉታል፦ በሚለካ ኃይል የሚሰጥ ሕክምናና በሚታመን ኃይል የሚሰጥ ሕክምና። ይህን ልዩነት ሳይዙ ስለ ጉዳዩ መናገር ታማሚን ያሳስታል።

በሚለካ ኃይል ከሚሰጠው ሁሉ ለቤተሰብ የሚቀርበው ፀሐይ ነው። በአዲስ አበባ አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየሞች ግቢ አራስ ቤት ያለች እናት ወይም አያት ሕፃኑን ቅቤ ቀብታ ፀሐይ ስታሞቅ ማየት የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ሙቀቱ አይደለም፤ የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር ገደማ የሆነው አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ አጥንትን የሚያጣምመውን ሪኬትስም በዚያ ይከላከላል። የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ያስቀረዋል። ሕፃኑ አራተኛ ፎቅ ላይ ከተዘጋ መስኮት ኋላ ቢተኛ ሙቀቱ ይደርሰዋል፣ ጥቅሙ ግን ይቀርበታል። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ባለችበት ማለዳም ጨረሩ ጥቂት ነው።

የጨቅላ ሕፃናት ቢጫነት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በግቢ ፀሐይ መታለፍ የለበትም። ሆስፒታል ውስጥ 460 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት በሕፃኑ ደም የተጠራቀመው ቢሊሩቢን ቅርጹን ይለውጥና በሐሞትና በሽንት ይወጣል። ሕክምናው ቢዘገይ ቢሊሩቢኑ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል።

የካንሰር ጨረር ሕክምና በዚሁ ክፍል ከፍተኛውን ቦታ ይይዛል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት 60 ይሠራ የነበረው ማዕከል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። የጨረሩ መጠን በግሬይ ይለካል፤ አንድ ግሬይ በአንድ ኪሎ ግራም አካል ላይ የሚያርፍ አንድ ጁል ነው። ለጡት ካንሰር 50 ግሬይ በ25 ጊዜ ተከፋፍሎ መስጠት የታወቀ አሠራር ነው፤ በአንድ ጊዜ ቢሰጥ ጤነኛውንም ሥጋ ያቃጥላል።

የባህል ሕክምናው ሙቀትን ያውቃል፤ ፍል ውሃም አንዱ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፊንፊኔ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ማሠራታቸው የአዲስ አበባ መነሻ ሆነ። አራሶች የሚሞቁት ወይባ፣ ቁስል በጋለ ብረት መተኮስም ከዚሁ ይመደባሉ። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል። ቀዶ ሐኪም የሚደማ የደም ሥርን በኤሌክትሪክ መተኮሱም ሙቀት ነው፤ የሚለየው ቦታውና መጠኑ በመታወቁ ነው። የባህሉ ብረት ግን ጠባሳና ኢንፌክሽን ጥሎ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው።

በሚታመን ኃይል ከሚሰጡት ውስጥ ሚካኦ ኡሱይ በ1922 እ.ኤ.አ. በጃፓን የጀመረው ሬይኪ ይታወቃል። ባለሙያው እጁን ታማሚው ላይ ወይም አጠገቡ አድርጎ ኃይል እንደሚያስተላልፍ ይነገራል፤ ያን ኃይል የለካ መሣሪያ ግን የለም። በአሜሪካ ኤሚሊ ሮዛ የተባለች ልጅ ከዚህ ጋር የሚመሳሰለውን ‹‹የፈውስ ንክኪ›› የሚሰጡ 21 ባለሙያዎችን ፈትናለች። እጃቸውን በመጋረጃ አሾልከው ሲዘረጉ እሷ የራሷን እጅ ከአንዱ በላይ ትይዛለች፤ የትኛው እንደሆነ በስሜት እንዲለዩ ይጠየቃሉ። በ280 ሙከራ ያገኙት 123ቱን ነው፤ በግምት ከሚገኘው አልበለጠም። ውጤቱ በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ታትሟል። ታማሚ ከንክኪው በኋላ መረጋጋቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ በትኩረት መታየትና ማረፍ በራሳቸው ያረጋጋሉ።

ጸበልን ከዚህ ስያሜ ሥር ማስገባት ትክክል አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ፈውሱን ከእግዚአብሔር እንጂ ከውሃው ከሚፈስ ኃይል አትቆጥረውም፤ ጸበልተኛውም የሚጠመቀው በእምነትና በጸሎት ነው። የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች በእንጦጦ ጸበል በሰፈሩበት ዘመን መድኃኒታቸውን የተዉ ነበሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉን ከፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ ተናግረዋል።

የወጌሻ እሽትና ዋግምት በእጅና በመምጠጥ የሚሠሩ ስለሆኑ ከስያሜው ውጭ ናቸው። የቻይናው የመርፌ ሕክምና ድንበሩ ላይ ይቆማል፦ መርፌው የሚታይ ነገር ነው፣ ማብራሪያው ግን ‹‹ቺ›› በተባለ በማይለካ ኃይል ላይ ያርፋል፤ በመርፌው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲላክ ደግሞ ያ ክፍሉ ከሚለካው ወገን ይገባል።