በርበሬው ከመድረሱ በፊት

እስቲ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። የማወራችሁ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ባሕር ዳር ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ስላለ አንድ ግቢ ነው። ከበሩ እስከ ማድቤቱ ኮንክሪት ተሞልቶ፣ ላዩ ሊሾ ተደርጓል። የቤቱ እመቤት የበርበሬ ሰው ናቸው። ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን የሚመጣውን ቀይ ዛላ በኅዳር ይገዛሉ፤ እዚያው ግቢ ያሰጡታል፤ ቀንጥሰው፣ ደልዘው፣ አስፈጭተው አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ ይልካሉ። ለእኒህ ሴት ያ ኮንክሪት ሰፌዳቸው ነው።

ታዲያ በጥቅምት አንድ ጠዋት ግቢውን ዞር ዞር ብለው ቢያዩት የሚሆን አልሆነም። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የቆርቆሮው ዝገት ጠብ ሲል ከርሞ ቡናማ መስመር አስምሯል። ፀሐይ በማያገኘው ጥግ ክረምቱ የሚያዳልጥ አረንጓዴ አልብሶታል። መሀል ላይ ደግሞ፣ ልጃቸው ባጃጁን በሚያቆምበት ቦታ፣ አንድ ክንድ የሚሰፋ የሞተር ዘይት ጠቁሮ ተኝቷል።

«አንተ፣ የሰው በርበሬ እዚህ ላይ ላስጣው?» አሉት።

«እማ፣ ግድ የለሽም፤ ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ» አለና ወጣ።

ባጃጅ ተራ ደርሶ ቢጠይቅ፣ አንዱ ጓደኛው «አሲድ የማይበላው ምን አለ?» አለው። የባትሪ አሲድ በሃይላንድ ይዞ መጣ። ዘይቱ ላይ አፈሰሰው። ፈላ! አረፋው ገነፈለ፤ ሲንሿሿ ላየው ሰው እድፉ እየተነቀለ ይመስላል። ልጁም ደስ ብሎት ውሃ ቸለሰበት። አረፋው ሲታጠብ ዘይቱ እንዳለ አለ። የሄደው ሊሾው ነው። አሸዋው አግጥጦ ወጣ፤ በላዩ ነጭ ነገር እንደ ሊጥ ተለድፏል። እናትዬዋ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቢዳብሱት አሸዋው ረገፈ። እንግዲህ በርበሬ ያሰጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ አሸዋ የገባበት በርበሬ ደንበኛ ያሸሻል፣ ስም ያጠፋል።

እዚህ ላይ ታሪኩን ገታ ላድርግና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የእኛ አገር ገበሬ ቀዩ አፈር አሲድ በዝቶበት ምርት ሲነፍገው ምን ያደርጋል? ኖራ በኩንታል አስጭኖ ማሳው ላይ ይበትናል፤ አሲዱን ኖራው ያበርደዋል። ሲሚንቶም የተሠራው ከዚሁ ከኖራ ድንጋይ ነው፤ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ እሳት የተቃጠለ። እንግዲያስ ኮንክሪት ላይ አሲድ ስታፈሱ የሚፈላው እድፉ ሳይሆን ኖራው ነው። የባትሪው ሰልፈሪክ አሲድ ኖራውን አግኝቶ ወደ ጄሶ ለወጠው፤ ያ ሊጥ የመሰለው ነጭ ነገር ጄሶ ነበር። ዘይትን ግን አሲድ አይነካውም። ማሳችን ላይ የምናውቀውን ነገር ደጃችን ላይ መርሳታችን ያንገበግበኛል።

ልጁ ተናዶ «በረኪና ላምጣበት» ብሎ ተነሣ። ጠርሙሱን ከፍቶ ሊያዘነብል ሲል ጤና ጣቢያ የምትሠራው እህቱ ክንዱን ይዛ ጎተተችው። «አብደሃል? አሲድ ላይ በረኪና!» እውነቷን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ የጀርመን ጦር በወታደሮች ላይ የለቀቀው ያው ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። ይህን ሁሉም ቤት እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ፤ መጸዳጃ ቤት ሲታጠብም ነገሩ ያው ነው። አሲዱ የነካውን ቦታ በብዙ ውሃ ደጋግመው አጠቡት።

በዚህ መሀል ጎረቤት ያሉ አንዲት እማሆይ ጫጫታውን ሰምተው ብቅ አሉ። አዩት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንች፣ እንዶድ የለሽም?» አሏቸው እናትዬዋን።

«ከየት አምጥቼ እማሆይ? ዛሬ ኦሞ ነው እንጂ።»

«እኔ ዘንድ አለ። አንተ ልጅ፣ ሰጋቱራ አምጣ፤ አመድም ንፋልኝ።»

መጀመሪያ ደረቅ ሰጋቱራ ዘይቱ ላይ አፍስሰው በእግር አስረገጡት፤ አሳደሩት። በማግሥቱ ሰጋቱራው ጠቁሮ ተጠረገ። ከዚያ የደረቀውን የእንዶድ ፍሬ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወቀጡት፤ ዱቄቱ ሲቦን አፍንጫ ያቃጥላልና። በሙቅ ውሃ ሲመታ አረፋው ደፈቀ። የተነፋውን አመድ በአረፋው ለውሰው እንደ ገንፎ አወፈሩና እድፉ ላይ ጣት በሚያህል ውፍረት መረጉት። ቶሎ እንዳይደርቅ ላስቲክ አለበሱት። ጠዋት ላስቲኩ ተገልጦ ለፀሐይ ተሰጠ፤ ሊጡ እየደረቀ ሲሄድ ዘይቱን ከኮንክሪቱ ቀዳዳ ወደ ላይ እየሳበ ራሱ ጠየመ። ፍቀው ጣሉት። በሽቦ ብሩሽ ሳይሆን በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ፈተጉት፤ ከሽቦው የሚቀረው ብናኝ ኋላ ዝጎ ሌላ እድፍ ያመጣልና። ደግመው መረጉት። ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፤ ግራጫውም ፈልጎ ካልሆነ ሰው የማያየው ጥላ ሆኖ ቀረ። እንዶድ የሌለው ሰው በኦሞ ወይም በላርጎ ያንኑ ቢሠራ ይሆንለታል፤ ሲሚንቶን አይጎዱትም።

እማሆይ ግን ሲታጠብ ውሃውን ወደ ወንዝ በሚወርደው ቦይ እንዳይለቁት አጥብቀው ከለከሉ። ምክንያት አላቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር ያገኙት። ግኝቱም በዚያው አቆጣጠር በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ዓሣውንም ይገድላል። የጎጃም ሰው ደግሞ ለእንዶድ እንግዳ አይደለም፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱባት ደብር እንኳ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ትባላለች።

የቀረው ቀላል ነበር። አረንጓዴውን በመጥረጊያ ፍቀው፣ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ አቅጥነው፣ ሩብ ሰዓት አቆይተው በብዙ ውሃ አጠቡት። አሲዱ ከነካው ቦታ ርቆ ነው፤ እህትየዋ ቆማ ታይ ነበር። የዝገቱን መስመር ደግሞ በረኪና አያስለቅቀውም። ሎሚ ያስለቅቀዋል፤ ሎሚም ቢሆን አሲድ ነውና ኮንክሪቱን አስቀድሞ ውሃ አጠጥቶ፣ ትንሽ ብቻ አቆይቶ፣ ወዲያው ማጠብ ነው። ሆኖም ከላይ የሚንጠባጠበው ካልቆመ ልፋት ነው፤ ልጁ መሰላል ተውሶ አሸንዳ ሰቀለ።

አሲዱ የበላው ቦታ ብቻ በምንም አልታጠበም። ግንበኛ ተጠርቶ የላላውን ሁሉ በመሮ አነሣው፤ በውሃ አርሶ አዲስ ሊሾ አደረገበት። «ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ፣ ከፀሐይም ሸፍኑት፤ ቶሎ የደረቀ ሲሚንቶ ቀዳዳው ይበዛል፣ ያገኘውን እድፍ ሁሉ ይመጥጣል» ብሎ ሄደ። ልጁ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ጠዋት ማታ ሲያጠጣ ሰነበተ። የአዲሱ ቀለም ከአሮጌው አልገጠመም፤ ይሁን እንጂ እናትዬዋ በመዳፋቸው ቢያሹት አንዲት አሸዋ አልተነሣችም።

በኅዳር የመጀመሪያው ጆንያ ዛላ ሲገባ ልጁ በር ላይ ባጃጁን እንዳስነሣ ቆሟል።

«እማ፣ የት ላቁማት?»

«ከአጥር ውጭ! ከሥሯም አሮጌ ቆርቆሮ ዘርጋ፤ ሰጋቱራም ነስንስበት። በርበሬዬ ተቀንጥሶ ጆንያ እስኪገባ ይችን በር እንዳታልፍ።»