ሁለት ፕሬዚዳንቶችና ሁለት ልጆች

በዋሺንግቶን ከተማ ነጩ ቤት እየተባለ የሚጠራው የአሜሪቃ ፕሬዚዳንቶች መኖሪያ የመንግሥት ሥራ የሚሠራበት ብቻ አይደለም፤ ባልና ሚስት ልጅ የሚያሳድጉበት፥ የታመመ የሚያስታምሙበት፥ አንዳንድ ጊዜም ሬሳ የሚያወጡበት ቤት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ከአዳራሹ ዐልፈው ወደ እልፍኙ የሚዘልቁት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት፥ በዘጠኝ ዓመት ልዩነት፥ ሁለት ሰዎች በዚህ ቤት የልጅ ሐዘን ተሸክመው አገር ገዙ። የአንደኛው ልጅ አባቱ ወደ ቤቱ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ሞተ፤ የሁለተኛው ልጅ በዚያው ቤት ውስጥ ሞተ። ሁለቱም የዐሥራ አንድ ዓመት ልጆች ነበሩ። አባቶቻቸው በፖለቲካ ረገድ የማይገናኙ ባላጋራዎች ነበሩ። የተጻፉት ዘመናት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፍራንክሊን ፒርስ በ1804 በኒው ሃምፕሺር ግዛት ተወለደ። ንግግሩ የጣፈጠ፥ መልኩ ያማረ፥ ከሰውም ጋራ የሚስማማ ጠበቃ ስለ ነበረ ቶሎ ከፍ ከፍ አለና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ። በ1834 ያገባት ጄን አፕልተን ግን በጠባይዋ ከእርሱ የራቀች ነበረች። አባቷ ሰባኪና የኮሌጅ አለቃ ነበረ፤ እርሷም በጥብቅ ሃይማኖት ያደገች፥ ሰውነቷ ደካማ፥ ጭምት ሴት ነበረች። የዋሺንግቶን ኑሮ ባሏን ወደ መጠጥ ይስበዋል ብላ ትፈራ ነበርና ፖለቲካን ፈጽማ ጠላች። ፒርስም በ1842 ምክር ቤቱን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። የመጀመሪያ ልጃቸው በ1836 በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞቶ ነበር፤ ሁለተኛው ልጅ በ1843 የአራት ዓመት ልጅ ሳለ በተስቦ ሞተ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ቤንጃሚን የተባለው ብቻ ነበረ። እናቱ ማንበብንም ጸሎትንም ራሷ እያስተማረች አሳደገችው።

በ1852 የዴሞክራት ፓርቲ መልእክተኞች በባልቲሞር ተሰብስበው ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረውን ሰው ሲመርጡ ከታወቁት ሰዎች በአንዱም መስማማት አቃታቸው። ድምፅ ሲሰጡ ሰንብተው በ49ኛው ጊዜ ያልታሰበውን ፒርስን መረጡ። ባልና ሚስት በሠረገላ ሽርሽር ወጥተው ሳለ ፈረሰኛ ደርሶ ይህን ነገር ቢነግራቸው ጄን ደንግጣ ወደቀች ይባላል። ልጁም ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ አባቱ እንዳይመረጥ መመኘቱን ገለጸ፤ እናቱ ወደዚያች ከተማ መመለስ እንደማትወድ ያውቅ ነበርና። ምርጫው በኖቬምበር በተደረገ ጊዜ ግን ፒርስ አሸነፈ።

ጃንዋሪ 6 ቀን 1853 ሦስቱም ከማሳቹሴትስ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሰንብተው በባቡር ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። (ያች ዕለት በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1845 ዓመተ ምሕረት፥ የጌታችን የልደት በዓል ነበረች።) ባቡሩ ከአንዶቨር ከተማ ጥቂት እንደ ራቀ የመንኰራኵሩ ብረት ተሰበረና የተሳፈሩበት ሠረገላ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል ተንከባለለ። አባትና እናት ብዙ ሳይጐዱ ወጡ። ቤንጃሚን ግን ራሱን ተመቶ እዚያው ሞተ። አባቱ እናቱ እንዳታይ ቶሎ ብሎ በልብስ ሸፈነው፤ እርሷ ግን አስቀድማ አይታ ነበር።

ማርች 4 ቀን ፒርስ ሥልጣኑን ሊቀበል በሕዝብ ፊት ቆመ። የአሜሪቃ ሕገ መንግሥት መማል ለማይወድ ሰው በማረጋገጥ ቃል እንዲገባ ይፈቅዳልና እርሱ እምላለሁ ማለትን ትቶ አረጋግጣለሁ አለ። እጁንም በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሳይሆን በሕግ መጽሐፍ ላይ እንዳኖረ ይነገራል። ምክንያቱን ብዙ ሰዎች ብዙ ይላሉ፤ ነገር ግን ልጁን ከቀበረ ሁለት ወር ያልሞላው ሰው ከፈጣሪው ጋራ ገና እንዳልታረቀ መገመት አያስቸግርም። ከዚያም ረዥሙን ንግግር ወረቀት ሳይዝ በቃሉ ተናገረ፤ የጀመረውም ወደዚያ ያደረሰው መንገድ ልቡን እንዴት እንዳሳዘነው ለሕዝቡ በመግለጽ ነው። የበዓሉ ጭፈራ ቀረ። ጄንም በዚያ ቀን ከባሏ አጠገብ አልነበረችም።

በነጩ ቤት ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በላይኛው ፎቅ ክፍሏ ተዘግታ ተቀመጠች። ለሞተው ልጇ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር፤ ከደብዳቤዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል፤ በእርሱም ያለ ልጇ ወደ ቤቷ መመለሷ እንዴት እንዳስጨነቃት ገልጻበታለች። እንግዶችን የሚቀበሉላት ዘመዷና የጦር ሚኒስትሩ የጄፈርሰን ዴቪስ ሚስት ነበሩ። ለሕዝብ ተገልጣ እንግዳ የተቀበለችው በ1855 አዲስ ዓመት ነው።

ይህች ሴት ልቧን ለማጽናናት ይሁን ለመቅጣት እግዚአብሔር ልጄን የወሰደው ባሌ ያለ አንዳች የቤት አሳብ የመንግሥቱን ሥራ እንዲሠራ ነው ብላ አሰበች። እንዲህ ያለው አሳብ ከኢዮብ ወዳጆች አሳብ ብዙ አይርቅም፤ እነርሱም ለመከራው ሁሉ ምክንያት ካላገኙለት ዕረፍት አላገኙም። ደግሞ ባሏ ሹመቱን አልፈለግሁትም ብሎ ሲነግራት ቈይቶ በስውር ሲፈልገው እንደ ነበረ ከሌላ ሰው ሰማች ተብሎ ተጽፏል። ይህ እውነት ከሆነ ከፎቁ በታችና ከፎቁ በላይ ያለው ርቀት በደረጃ ብዛት የሚለካ አልነበረም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች የፒርስን የመንግሥት ጥፋት ሁሉ በሐዘኑ ያመካኛሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ1854 የካንሳስንና የነብራስካን ሕግ ፈርሞ የባርነት ነገር ወደ አዲሶቹ አገሮች እንዲገባ በር የከፈተው፥ በዚያው ዓመት አንቶኒ በርንስ የሚባለውን ከባርነት ያመለጠ ሰው በወታደር አስጠብቆ ከቦስተን ወደ ጌታው ያስመለሰው፥ ከልጁ ሞት በፊት በያዘው አሳብ ነው። በባርያ ገበያ ልጆቻቸው ከጉያቸው እየተነጠቁ የተሸጡባቸው እናቶች በዚያው ዘመን በደቡብ አገር እልፍ ነበሩ፤ ለእነርሱ ግን ዘግተው የሚያለቅሱበት ክፍል እንኳ አልነበራቸውም። የልጅን ሞት ያየ አባት ይህን አለማየቱ በፒርስ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ነው። በ1856 የገዛ ፓርቲው ዳግመኛ ሳይመርጠው ቀረ።

ከእርሱ በኋላ ጄምስ ቡካናን፥ ከቡካናን በኋላም በማርች 1861 አብርሃም ሊንከን ገባ። ሊንከን ከዚህ ቀደም በ1850 ኤድዋርድ የሚባል ልጅ ሞቶበት ነበር። ወደ ዋሺንግቶን ሲመጣ ትልቁ ልጁ ሮበርት በኮሌጅ ይማር ስለ ነበረ በቤቱ ሲሯሯጡ የሚውሉት ዊሊና ታድ ነበሩ። የእርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመበት በ1862 መጀመሪያ ሁለቱም በንዳድ ታመሙ፤ ሕመሙ ከወንዙ ውሃ የመጣ ተስቦ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ታድ ዳነ፤ ዊሊ ግን ፌብሩዋሪ 20 ቀን ሞተ። ሊንከን ወደ ጸሐፊው ወደ ኒኮላይ ክፍል ገብቶ ልጁ መሞቱን ሲነግረው እንባ አቋረጠውና ተመልሶ ወጣ።

ሬሳውን ያጠበችና ያለበሰች የሊንከን ሚስት ልብስ ሰፊ ኤሊዛቤት ኬክሊ ናት። ይህች ሴት በባርነት ተወልዳ ራሷንና ልጇን በ1855 በ1,200 ዶላር ነፃ ያወጣች ናት። ያው አንድ ልጇ ወታደር ሆኖ በ1861 በሚዙሪ ጦርነት ሞተ፤ ዊሊን ባጠበች ጊዜ የእርሷ ሐዘን ገና ስድስት ወር ነበረው። ሊንከን ገብቶ ልጁን ሲያይ የነበረውን ሁኔታ በ1868 ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋዋለች። በነጩ ቤት በዚያን ቀን ከነበሩት ሁሉ የፕሬዚዳንቱን ልብ ያወቀችው ምናልባት እርሷ ነበረች።

የሊንከን ሚስት ሜሪ ሦስት ሳምንት ከአልጋዋ አልወጣችም፤ ወደ ቀብሩም አልሄደች። በኋላም ሙታንን እናነጋግራለን የሚሉ ሰዎችን ወደ ቤቷ ማስገባት ጀመረች፤ ሳኦል በዓይንዶር የፈለገውን እርሷም ፈለገች ማለት ነው። እንደ ጄን በር ባትዘጋም ሐዘኗ ከዚያ የባሰ ሆነ፤ ባሏ በፊቷ ተገደለ፥ ታድ በ1871 ሞተ፥ በ1875ም የቀራት አንድ ልጇ ሮበርት በፍርድ ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት አስገባት። ከጥቂት ወራት በኋላ ብትወጣም ከልጇ ጋራ ብዙ ዘመን ተቈራርጣ ኖረች።

ዊሊ ከሞተ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከኒው ሃምፕሺር አንድ ደብዳቤ ለሊንከን ተጻፈ። ጸሐፊው ፍራንክሊን ፒርስ ነበረ። ፒርስ የሊንከንን ጦርነት የሚነቅፍ፥ የአመፀኞቹ መሪ የሆነው የጄፈርሰን ዴቪስም ወዳጅ ነበረ። በደብዳቤው ግን የጦርነት ነገር አላነሣም፤ የአገር ሥራ የቱን ያህል ቢከብድ የአባት አሳብ ከዚያ ልጅ ሊለይ እንደማይችል ጻፈለት። ከተጻፈበት ወረቀት ላይ ያለው ቀን ማርች 4 ነው፤ ይኸውም ሁለቱም በየዘመናቸው ሥልጣን የተቀበሉበት ቀን ነው።

ጄን በዲሴምበር 1863 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። በቀብሯ ላይ ብርዱ ጽኑ ነበረ፤ ፒርስም በመቃብሩ አፍ ቆሞ ሳለ ዘወር ብሎ አብሮት የቆመውን የኮሌጅ ወዳጁን፥ ደራሲውን ናትናኤል ሆቶርንን፥ እንዳይበርደው የካፖርቱን ኮሌታ ቀና አደረገለት ይባላል። ሆቶርንም በሚከተለው ዓመት ከፒርስ ጋራ በጉዞ ላይ ሳለ ሞተ።

በአፕሪል 1865 ሊንከን ሲገደል የኮንኮርድ ሰዎች ተቈጥተው በፒርስ ቤት ደጅ ተሰበሰቡና ባንዲራህ የት አለ ብለው ጠየቁት። እርሱም ወጥቶ ስለ ሟቹ ማዘኑን ነገራቸው፤ አገሩን መውደዱን ለማስመስከር ባንዲራ መስቀል እንደማያስፈልገው ተናገረ። ሰዎቹም ቀስ በቀስ ወደየቤታቸው ተበተኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፒርስ በከተማው በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ ዕድሜው 61 ዓመት ነበረ። ኦክቶበር 8 ቀን 1869 ሞተና በኮንኮርድ በአሮጌው መካነ መቃብር ከጄንና ከቤንጃሚን ጋራ ተቀበረ።