ራጋማላ፤ የዜማ ስሜት በቀለም

በሕንድ የሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ራጋማላ በመባል የሚታወቁት ትናንሽ የወረቀት ሥዕሎች ልዩ ሥፍራ አላቸው። ቃሉ በሳንስክሪት «የራጋዎች ጉንጉን» ማለት ነው። ራጋ ከእኛ ቅኝት ጋር የሚቀራረብ የዜማ ሥርዓት ሲሆን፣ እያንዳንዱ የራሱ ስሜት፣ ብዙውን ጊዜም የሚዜምበት የተወሰነ ሰዓት ወይም ወቅት አለው።

የጥንት ሊቃውንት ራጋዎችን በቤተሰብ መልክ አደራጅተዋቸው ነበር። እጅግ በተለመደው አከፋፈል ስድስት ወንድ ራጋዎች እያንዳንዳቸው ራጊኒ የተባሉ አምስት ሚስቶች ስላሏቸው፣ ድምሩ 36 ይሆናል። ባለቅኔዎች ለእያንዳንዱ ዜማ መልክና ጠባይ የሚሰጡ አጫጭር ግጥሞችን ደረሱ፤ ሠዓሊዎችም እነዚህን ተከትለው ሣሉ። ቶዲ ቪና የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ይዛ በጫካ የቆመች፣ በዜማዋም ሚዳቋዎችን የምትስብ ብቸኛ ሴት ናት። ባይራቪ በሺቫ መቅደስ የምትጸልይ ሴት ስትሆን፣ ሜግ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዝናም ደመና ሥር ሲጨፍር ይታያል።

ዘመናቸው በጽሑፍ ከተመዘገበላቸው ስብስቦች መካከል አንዱ በባናራስ አቅራቢያ በምትገኘው በቹናር እ.ኤ.አ. በ1591 የተሠራው ነው። በ1605 ደግሞ ናሲሩዲን የተባለ ሠዓሊ በሜዋር ግዛት፣ በቻዋንድ ሌላ ስብስብ ሣለ። በዚያን ጊዜ ሜዋር ከሙጋል መንግሥት ጋር በጦርነት ላይ ነበረች፤ ሰላም የወረደው በ1615 ነው። ጦርነቱ ይህን የረቀቀ ጥበብ አለማስተጓጎሉ ያስደንቃል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሥዕሎች የጥንቱን ዜማ እናነባለን ብሎ መነሣት ከንቱ ድካም ነው። ሠዓሊው የሣለው በግጥሙ የተነገረውን ስሜት እንጂ የድምፁን አወጣጥ አይደለም። ለዚህም ቶዲ ራሷ ምስክር ናት፤ ዛሬ በሰሜንና በደቡብ ሕንድ በዚህ ስም የሚጠሩት ራጋዎች የሚዜሙት በተለያዩ የድምፅ እርከኖች ነው። ሚዳቋዎቹ የትኛውን እንደሰሙ ሥዕሉ አይነግረንም።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የሙዚቃ ሊቁ ባትካንዴ የሰሜኑን ራጋዎች በድምፅ እርከናቸው መሠረት በ10 ክፍሎች መደባቸው። የባልና ሚስት አከፋፈልም ከሙዚቃ ትምህርት እየራቀ ሄደ። ከስብስቦቹም ብዙዎቹ ተበትነው፣ በአንድነት የተሣሉት ቅጠሎች ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ።

ስለሆነም ራጋማላ ያለፉት ሰዎች ዜማ ሲሰሙ ምን ይሰማቸው እንደነበር ለመረዳት ታላቅ ቅርስ ነው። ዜማው ራሱ ግን የኖረው በወረቀት ላይ ሳይሆን፣ ከመምህር አንደበት ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ በመተላለፍ ነው፤ ይህ ቅብብሎሽ ከተቋረጠ የትኛውም ሥዕል ሊተካው አይችልም።