ከመውሊድ እስከ ኅዳር 29፦ ባቲና የዓመት በዓላቷ

ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የሚጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ነው። አምባሰል ተራራ ነው፤ ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ የተቆረቆረች የገበያ ከተማ ናት። ዛሬ የምትተዳደረው መቀመጫውን ከሚሴ ባደረገው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሥር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዞኑ ከ457 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ሙስሊም ሲሆን ከአማርኛም ጋር ተላምዶ የኖረ ነው።

ይህ ሕዝብ ዘፈኑንና ባህሉን በየዓመቱ አደባባይ የሚያወጣባቸው መድረኮች መቼና በማን ተዘረጉ? መልሱ ብዙ ጊዜ ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ይፈለጋል። የመረጃው ቅደም ተከተል ግን የተለየ ነገር ያሳያል፤ በመንግሥት የተዘጋጀው በዓል ከሁሉም ዘግይቶ የመጣ ነው።

በየዓመቱ ቀን ተቆርጦለት፣ ሰው ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ የሚተምበት የወሎ ጉባኤ መውሊድ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና በጻፉት መጽሐፍ፣ የነቢዩን ልደት በዚህ መልክ ማክበር ጀማ ንጉሥ ከተባለው የወሎ የእስልምና ማዕከልና ከመሥራቹ ከሼህ ሙሐመድ ሻፊ ጋር እንደሚያያዝ አመልክተዋል። የቃዲሪያ ጦሪቃ ተከታይ የነበሩት ሼህ የኖሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መባቻ ላይ ነበር። በመውሊዱ ድቤ ይመታል፣ ይጨበጨባል፣ ሌሊቱ በመንዙማ ይነጋል። ዜማውን የሚያወጣው አንድ ሰው ነው፤ ተቀባዩ ግን ጉባኤው ሁሉ ነው።

ለጥያቄያችን ዋናው ነገር የመንዙማው ቋንቋ ነው። ከዓረብኛው ጎን ለጎን በአማርኛም በኦሮምኛም ተገጥሟል። ከቦሩ ሜዳው የ1870 ዓ.ም. ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊሞች ወደ ክርስትና ለማስገባት ሲነሡ፣ ከተቃወሟቸው መሪዎች አንዱ የነበሩት ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር መንፈሳዊ ግጥሞቻቸውን በአማርኛ ቋንቋ፣ በዓረብኛ ፊደል ጽፈዋል። ከቤተ መንግሥቱ ጋር የተጋጩ ሰው የቤተ መንግሥቱን ቋንቋ ለሃይማኖታቸው አዋሉት ማለት ነው። በመውሊዱ ጉባኤ ቋንቋ ማን ከማን እንደሚለይ ማሳያ አልነበረም፤ የሚመረጠው ለሰሚው እንዲደርስ ነው።

ሁለተኛው መሰብሰቢያ ገበያው ነው። እሁድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ይቆማል። ከቆላ የሚወጣው አፋር ግመሉን፣ ፍየሉንና ጨው ይዞ ይመጣል፤ ከደጋና ከወይና ደጋ የሚወርደው ደግሞ እህል፣ ቡናና በርበሬ ያመጣል። ግመል የሚሸጠው ለብቻው በተለየ ሜዳ ነው፤ ድርድሩ በአፋርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ቀጥሎ በአማርኛ ሊያልቅ ይችላል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያኖች ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ ያወጡት መንገድ በከተማዋ መካከል በማለፉ፣ የቀድሞው የሲራራ መናኸሪያ የመኪና ጎዳና መቆሚያም ሆነ። ከመውሊድ በተለየ ሰኞ በየሳምንቱ ይመጣል። ዘፈን ከሰው ወደ ሰው፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እንዲሸጋገር ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ከሚደረግ ጉባኤ ይልቅ በዓመት 52 ጊዜ የሚቆም ገበያ ይመቻል።

በከተማዋ ስም የሚጠራውን የባቲን ቅኝት ራሱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከአራቱ ቅኝቶች በሌላው፣ በትዝታ ሜጀር፣ የተቃኘ ክራር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይላል። ያንኑ ክራር ወደ ባቲ ሜጀር ለማምጣት ዶና ሶል ባሉበት ይቀራሉ፤ ሦስቱ ጅማቶች ግን ይወጠራሉ፦ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ከዶ ተነሥቶ ሰፊ እርምጃ ይራመድና ሚና ፋ ላይ ይጠብባል። የባቲን ዜማ ጆሮ ወዲያው የሚለየው በዚህ ነው። ቅኝቱ በከተማዋ ስም ቢጠራም በጎንደርም በሸዋም ይዘፈናል፤ አንድ ቋንቋ ወይም አንድ ብሔረሰብ ብቻውን የያዘው ዜማ አይደለም። አሸናፊ ከበደን የመሰሉ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ምሁራን ቅኝቶቹን በኖታና በጥናት ሲያሰፍሩ፣ የቦታው ስም በመማሪያ ክፍል ቋሚ የሙያ ቃል ሆኖ ቀረ።

መንግሥት ወደ መድረኩ በስፋት የገባው በደርግ ዘመን ነው። ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን፣ ወሎ ላሊበላን አቆሙ። አምባሰልንና ባቲን በመላው አገር ያስደመጠችው ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰ ከላሊበላ ኪነት የወጣች ናት። ኪነቱ ሁለት ነገር አደረገ። በአንድ በኩል በሠርግና በገበያ ይዜም የነበረውን ዘፈን ደመወዝ፣ አልባሳትና የድምፅ ማጉያ ሰጥቶ ሙያ አደረገው። በሌላ በኩል ዘፈኑን ከአብዮት በዓልና ከመፈክር ጋር አስሮ፣ መቼና ምን እንደሚዘፈን ከላይ የሚወሰን አደረገው።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ባቲ ከኮረም ጋር ከታላላቆቹ የተጎጂዎች መጠለያዎች አንዷ ነበረች። ዓለም ስሟን ያወቀው በዚያ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እርዳታ ለሰጡ አገሮች ምስጋና ለማቅረብ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጉዞ ተሰናዳ፤ ባህላዊ ዜማና ጭፈራም ለውጭ ሰው የአገር መልክ ማሳያ ሆኖ ዞረ።

አሁን የምናውቀው የበዓል ሥርዓት መሠረቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። ማንኛውም ብሔረሰብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ባህሉን የማሳደግ መብት አገኘ። በ1994 የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም ለኦሮሞ፣ ለአዊና ለኽምራ የብሔረሰብ አስተዳደር አጸና። በዞኑ ትምህርትና የቢሮ ሥራ በኦሮምኛ፣ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ተካሄደ። ከ1999 ጀምሮ ደግሞ ኅዳር 29 የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይከበራል። 7ኛው በ2005 በባሕር ዳር፣ 12ኛው በ2010 በባቲ ጎረቤት በአፋር ክልል፣ በሰመራ ተከብሯል።

በዓሉ ለዘመናት ከአደባባይ ርቆ ለኖረ ቋንቋ ክብር መስጠቱ የሚካድ አይደለም። የአደረጃጀቱ ጉድለት ግን በባቲ ጎልቶ ይታያል። መድረኩ እያንዳንዱን ብሔረሰብ በየተራው፣ በየልብሱና በየቋንቋው ያስተናግዳል። ስለዚህ የባቲ ሰው በኦሮሞ ብሔረሰብ ስም ሲቀርብ፣ የባቲ ቅኝት ደግሞ በአማርኛ ዘፈን መዝገብ ይቆጠራል። ከተማዋና በስሟ የሚጠራው ዜማ በአንድ መድረክ ላይ በተለያየ ሰልፍ ይቆማሉ።

ሁለት ቋንቋ ያላት ዌልስ ሌላ መንገድ ይዛለች። አይስቴድቮድ የሚባለው ብሔራዊ የግጥምና የዜማ በዓሏ በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1861 በአበርዴር ሲሆን፣ በየዓመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተፈራረቀ ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1950 ወዲህ የመድረኩ ቋንቋ ዌልሽ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል፤ እንግሊዝኛ የዋጠውን ቋንቋ ለማዳን የተመረጠ መፍትሔ ነው። እኛ ዘንድ ኦሮምኛ ብዙ ሚሊዮን ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በየካቲት 2012 ከፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን የሚያስችለውን ፖሊሲ አጽድቋል። ባቲ የምትፈልገው ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያገናኝ መድረክ ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚከልል አጥር ለዚህች ከተማ አይስማማትም።

የበዓል ሰልፍ ብቻውን ሰላምን እንደማይጠብቅም በ2014 ታይቷል። በኅዳር ወር የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ባቲንና ከሚሴን አዳርሶ ነበር፤ በዚያው ወር 29ኛ ቀን 16ኛው በዓል በድሬዳዋ ተከበረ።

ስለዚህ የዞኑን የሙዚቃ ታሪክ የሚጽፍ ሰው መነሻውን ከመውሊዱና ከሰኞው ገበያ ቢያደርግ ይበጃል፤ ኅዳር 29 የዚያ ታሪክ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው። የበዓል አዘጋጆችም አንድ ነገር ቢያደርጉ ከመረጃው ጋር ይስማማል፦ የባቲን ቅኝት በአንድ ዝግጅት በኦሮምኛም በአማርኛም ያስዘፍኑ። የክልሉና የዞኑ ባህል ቢሮዎች ደግሞ በኪነቱ ዘመን የዘፈኑትንና መንዙማ የሚያወጡትን አረጋውያን በሕይወት ሳሉ በድምፅ ይቅረጹ። ይህ ለአንድ ቀን በዓል ከሚወጣው ወጪ ያነሰ ነው፤ ለታሪክ የሚተርፈው ግን ከበዓሉ ይልቅ ይህ ነው።